ትንሿን አደራ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ፊሊፓ ናት። የአባቷ ቀብር ባለፈ በማግስቱ ወደምትኖርበት ወደ ሊድስ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ከተረፈው ኬክ አጠገብ አስቀመጠችውና፣ «ጻፊበት እማዬ፣ ይቀልልሻል» አለችኝ። ይኸው ኬኩ አለቀ፣ እኔን ግን የቀለለኝ ነገር የለም።

የባሌ የአምብሮዝ ጓሮ እንዳለ እጄ ላይ ወድቋል። እኔ ድሮም የጓሮ ሰው አይደለሁም፤ ጓሮ ማለት ለኔ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ነው። እሱ ግን ብርዱ ሊገባ ሲል ዓይኑ ሌላ ነገር አያይም። የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ፣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር በሠራው የእንጨት መከለያ ውስጥ ይከምራል። ለወፎቹ ሞራና ዘር ለውሶ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። በረዶው ኩሬውን ጥርቅም አድርጎ እንዳይዘጋው ኳስ ያንሳፍፍበታል፤ እንቁራሪቶቹ እንዳይታፈኑ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚነጫነጭ ሰው፣ እንደ ኳስ የሚጠቀለሉት ትንንሽ ጃርቶች እንዲያልፉ ብሎ የገዛ አጥሩን ከሥር ቀዶላቸዋል! ስንቴ ስቄበታለሁ።

በመጨረሻ የነገረኝም ስለ ጃርት ነው። ዘግይታ የተወለደች፣ ከጭብጥ የማትበልጥ አንዲት ጃርት ነበረችው። እናቷ የት እንደገባች እንጃ። እሱ ሲቀልባት ከረመና፣ ከሌሎቹ እንዳትምታታበት ጀርባዋ ላይ ነጭ ቀለም ነካ አደረገባት። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ባለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሄስተርን እንደ ልማዱ አቆላምጦ፣ «ሄቲ፣ ትንሿን አደራ። ካልወፈረች ብርዱን አትወጣውም። እኔ ትንሽ ላሸልብ» አለኝ። ብርድ ልብስ ደረብኩለትና ይተኛ ብዬ ትቼው ወጣሁ።

ለዛሬ ይበቃል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

በየዓመቱ የእሳትና የርችት ቀን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ሰፈሩ ሁሉ ያረጀ በርና የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከምሮ፣ ሲመሽ ርችት እየተኮሰ ያቃጥላል። አምብሮዝ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ክምሩን ዞሮ በመንሽ እጀታ ሳይጎረጉር አይቀርም ነበር። ጃርት እንዲህ ያለ ክምር ስታይ ለሷ ቤት የተሠራላት ነው የሚመስላት። ዘንድሮ ማን ያድርገው? መንሹን ይዤ ሄድኩ።

«ጉድ በሉ! አምብሮዝ ሥራውን አውርሷት ነው የሄደው» አለ ክብሪቱን የያዘው ሰውዬ። ሳቁ። ይሳቁ፣ ጥርሳቸው ይርገፍ።

ጎረቤቴ ዶርካስ ብቻ ባትሪዋን ይዛ መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች። ዶርካስ ከአጥሩ ወዲያ ናት፤ ዕቃ ቤቷን የታመሙ ጃርቶች ማስታመሚያ አድርጋዋለች፣ አፏም አያርፍም። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ! አይ አንቺ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ድንች መሰለሽ እንዴ የምትቆፍሪው?» ከአንድ የበሰበሰ በር ሥር ባትሪው ነጭ ቀለም ላይ አረፈ። ትንሿ ናት።

«አምጪያት፣ እኔ ልውሰዳት» አለች ዶርካስ።

«አይሆንም። አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ስመለስ እሳቱ ከኋላዬ ተለኮሰ። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ አልቆላት ነበር። ሰሞኑን ይህችን ነገር አበዛኋት፤ ብዘገይ፣ ባልዘገይ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ዶርካስ ጮኸችብኝ። ለትንሿ ዳቦ በወተት ፈትፍቼ ሰጥቻት ሳለ በአጥሩ በኩል አይታኝ ነው። እናቴም፣ የእናቴም እናት እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

«ልትገድያት ነው እንዴ? ወተት ሆዷን ያዞርባታል! የድመት ምግብ ስጫት፣ የሥጋውን። ውሃም ቁጭ አድርጊላት።»

«እሺ፣ የኔ ፕሮፌሰር።»

«ቀልጂ አንቺ። አሁን ስሚኝ፣ ከወፈረች በኋላ ብርዱ ሲጠና የብርድ እንቅልፍ ይወስዳታል። ያኔ አትንኪያት። አትክፈቺባት። ደህና ናት አይደለችም እያልሽ አታባንኛት። ገባሽ?»

ገባኝ አልኳት። የተኛን መተው ለኔ ማን ያስተምረኛል?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

በችኮላ። ትንሿ ከብዳለች፣ የዱቄት ሚዛኑ ይመሰክራል። ሳህኗን ልሳ ነው የምታስቀምጠው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድርቆሽ ሞልቼ አልጋ ሠራሁላት። ለወፎቹ ሞራ አንጠለጠልኩ። ደረተ ቀዩ ወፍ ገና ዘወር ሳልል መጥቶ ጉብ። አምብሮዝ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሞቶ እንኳ ሳታውቅ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታወራው ነበር አሉ።»

«ወይኔ! ለስንት ጊዜ?»

«እንጃ። ሻይ ሁሉ አቅርባለት ነበር አሉ።»

ዳቦውን ሳልገዛ ወጣሁ። ይህን ወሬ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሻዩ እውነት ነው። ሌላው አይመለከታቸውም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

በረዶ። ኩሬው ጠዋት እንደ መስታወት ሆኖ አደረ፣ ግን ኳሱ ዙሪያ ክፍት ነው። በመዶሻ መስበር ክልክል ነው፤ እንቁራሪቶቹን ያስደነግጣል ይላል አምብሮዝ። ይል ነበር።

ትንሿ ትናንት ያቀረብኩላትን አልነካችውም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 8

ዛሬም አልነካችውም። ዶርካስ፣ «ተኝታለች፣ ደስ ይበልሽ። በቃ፣ ተያት» አለችኝ። ተውኳት። ከሰዓት ወንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልብስ ስጠግን ዋልኩ። ብርድ ልብሱ ያን ቀን እንደወደቀ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አላነሳሁትም። ዓይኔ ከመርፌው እየሸሸ እሱ ላይ ያርፋል። ተያት አለች። ተያት ማለት ቀላል ነው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

አልቻልኩም። ከፈትኩት።

ድርቆሹን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ነካኋት። ድንጋይ። ጠብቃ ተጠቅልላለች፣ አትላወስም። ፊቴን አስጠግቼ ትንፋሽ ጠበቅኩ፣ ምንም። በመዳፌ ይዤ ወጥ ቤት አስገባኋት፣ ጠራኋት፣ ነቀነቅኳት፣ ምንም። ያን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ። እጄ መቼም አይረሳውም። ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ግንባሩን አልነካሁትም እንጂ፣ ብነካው ኖሮ...

በዚህ ጊዜ ግን አልተሸወድኩም።

የአምብሮዝን የጫማ መወልወያ ሳጥን ባዶ አደረግኩና ከነድርቆሿ አስተኛኋት። የእንጨት ሳጥን ነው፣ ጎንና ጎኑ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ በብረት መቀርቀሪያ የሚዘጋ። መሬቱ ከበረዶው የተነሳ ድንጋይ ሆኗል፣ አካፋው አልነክስም አለኝ። ሌላ የሚቆፈር ቦታ ሳጣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ያለውን የቅጠል ክምር ማስኩና እዚያ ቀበርኳት። ቀበሮ እንዳያወጣት ከላይ ጣውላ ጫንኩበት። «ተኚ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

አምብሮዝ፣ አደራህን በላሁ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ዶርካስ በአጥሩ ላይ፦ «ትንሿስ?»

«ተኝታለች።»

«ጎበዝ። አልነካሻትም አይደል?»

«አልነካኋትም።»

በዚህ ዕድሜዬ ለጃርት ስል ዋሸሁ። ግን ምን ልበላት? እሷንም ሞታ አገኘኋት ልበል? ዳቦ ቤት የሚወራው አይበቃም?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 26

ፊሊፓ ለገና መጥታ ዛሬ ሄደች። ለበዓሉ የጠበስኩት ዳክዬ ደረቀብኝ። ከምሳ በኋላ ወንበሩን ለማን እንደምንሰጠው አነሳች።

«እማዬ፣ ዘወትር እሱን እያየሽ መቀመጥሽ ደግ አይደለም። ቢያንስ ብርድ ልብሱን ልጠበው።»

«እጅሽን አንሺ!»

ደነገጠች። እኔም የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ይቅርታ ጠየቅኳትና ተቃቅፈን አለቀስን፤ እሷ ለአባቷ፣ እኔ እንጃ ለምን እንደሆነ። ስትወጣ ከኔ ጋር ሊድስ ኑሪ አለችኝ። ወፎቹንስ ማን ይቀልባል ብዬ አመካኘሁ። ወፎቹን!

እሁድ፣ ጃንዋሪ 5

በረዶው ቀለጠ። እንዲህ ያለ ሙቀት በጃንዋሪ አይቼ አላውቅም፣ ጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠባል።

አንድ ነገር ልጻፍ፤ ነገ ልቀድደው እችላለሁ። አመሻሽ ላይ ሳህን ሳጥብ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ክርር። ዝም ይላል። እንደገና ክርር፣ ክርር። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ይህን ድምፅ ስሰማው ኖሬያለሁ። አምብሮዝ ከጓሮ ሲመለስ የኋላው በር አጠገብ ባለው ብረት የቦት ጫማውን ጭቃ የሚፍቀው እንዲህ ነው። እኔም ከውስጥ ሁልጊዜ፣ «ደህና አድርገህ ፋቅ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት!» እለው ነበር።

በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7

ትናንትም ዛሬም። ያው ሰዓት፣ ሲመሻሽ። ዛሬ በሩን አልከፈትኩም። ማንም እንደሌለ ላለማየት ነው።

ሻይ ቀዳሁና አወራሁት። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ነገርኩት፤ ማን ቤቱን እንደሸጠ፣ የማን ድመት እንደጠፋ። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ የማርማላታ ሽያጭ ተመልሼ እንዳወራሁት ነው ያወራሁት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሳህን እያጠብኩ። ያን ቀን አይመልስልኝም ነበር። ዛሬ ግን ዝም ስል ክርር አለልኝ።

እንዲህ መጻፌ ደህና ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ብርዱ ተመለሰ። ግድግዳው ዝም።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

አሁንም ዝም። ለወፎቹ ሞራ ማንጠልጠል ሦስት ቀን ረስቼ ደረተ ቀዩ መስኮቱን ቆረቆረው። ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። ወፉን ማለቴ አይደለም።

ፊሊፓ ደወለች። ድምፄ ልክ አይደለም አለች።

«ሐኪሙ ነግሮሻል እኮ እማዬ። አጠገቡ ብትሆኚም የምታደርጊለት ነገር አልነበረም። በእንቅልፉ ነው የሄደው።»

«ሐኪሙ እዚህ ነበር እንዴ?»

«እማዬ...»

«ከመውጣቴ በፊት ይሁን ከወጣሁ በኋላ እሱ በምን ያውቃል? እኔ ተኝቷል ብዬ ነው የሄድኩት።»

ስልኩን ዘጋሁባት። መልሳ ስትደውል አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 25

ሞቅ አለ። መጣ! ግን ድምፁ ደከም ብሏል። ክርር ይልና ረጅም ጊዜ ይጠፋል። አንጀቴን በላው። ግድግዳው ላይ መዳፌን አድርጌ፣ «በቃ አምብሮዝ፣ አትልፋ። ተኛ። እኔ ደህና ነኝ» አልኩት።

ደህና አይደለሁም። ግን ለደከመ ሰው ምን ይባላል?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

ጥፍሬ ውስጥ ያለው አፈር አልለቅ ብሎኛል።

ትናንት ሊመሽ ሲል ዶርካስ መጣች። ወጥ ቤት ገብታ ገና ሳትቀመጥ፣ «ትንሿን ልያት። እንዲህ ሲሞቅ ይባንናሉ፤ ነቅታ ከሆነ ውሃና ምግብ ትፈልጋለች» አለች።

«ተኝታለች።»

«ሳንረብሻት ጨረፍ አድርገን እንይና እንመለስ።»

«ተኝታለች አልኩሽ!»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ሄስተር፣ ምን ሆናለች?»

«ሞታለች። ከገና በፊት ነው። ቀብሬያታለሁ። በቃ፣ ዋሸሁሽ!»

«እንዴት አወቅሽ መሞቷን?»

«እንዴት አወቅሽ ይባላል? ድንጋይ ሆና ቀዝቅዛ! ትንፋሽ የላት፣ ነቅንቄያት አልነቃ ብላ!»

ዶርካስ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «አንቺ ሴትዮ... የብርድ እንቅልፍ እንደዚያ ነው እኮ! ይቀዘቅዛሉ። ይደርቃሉ። ትንፋሻቸው ከስንት ጊዜ አንዴ ናት። በየዓመቱ አንድ ሰው የተኛች ጃርት ሞተች ብሎ ይቀብርና እያለቀሰ እኔ ዘንድ ይመጣል። አትንኪያት፣ አትክፈቺባት እያልኩ የለፈለፍኩት ለምን መሰለሽ?»

ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ መጣ። ክርር።

ዶርካስ ቀና አለች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺም ትሰሚያለሽ?»

«ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ምንድን ነው እሱ?»

አምብሮዝ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለኔ ብቻ የሚሰማ መስሎኝ ነበር እኮ። «የት ነው የቀበርሻት?» ስትለኝ በእጄ ወደ ግድግዳው አመለከትኩ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጣውላውን ወረወርኩት። ያን የበሰበሰ ቅጠል በእጄ ዛቅሁት፣ ዶርካስ ባትሪ ስታበራ፣ «ቀስ፣ ቀስ» ስትል ይሰማኛል። ሳጥኑን ከፈትኩት። ክዳኑ ከውስጥ ተፍቆ ተፍቆ እንጨቱ ነጭ ሆኗል። ድርቆሹ ተበጣጥሶ፣ ትንሿ ጥጉ ላይ በጎኗ ወድቃ፣ ከስታ፣ አንድ እግሯ ብቻ አየሩን ይፍቃል። አውጡኝ ስትል ነው የከረመችው። እኔ ደግሞ ተኚ ስላት። ሻይ እየጠጣሁ የድመት ወሬ ሳወራላት!

«የሚጠቀለል ነገር! ሄስተር፣ ቶሎ በይ፣ ሞቅ ያለ ነገር!»

ሮጬ ገባሁና እጄ የደረሰበትን ይዤ ወጣሁ። የዶርካስ ዕቃ ቤት ደርሰን፣ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ሥሯ አድርገን፣ ውሃ በጠብታ ማንቁርቷን ስናርስላት ነው ምን እንደያዝኩ ያየሁት። የአምብሮዝ ብርድ ልብስ።

«ትተርፋለች?» አልኳት።

«እንጃ። ውሃ ጠምቷታል፣ ርቧታል። ግን የገረመኝ እስካሁን መቆየቷ ነው። መሬት ቆፍረሽ ብትቀብሪያት ኖሮ አልቆላት ነበር። የቅጠል ክምር እነሱ ራሳቸው ፈልገው የሚተኙበት አልጋ ነው። ሳጥኑ አፈናት እንጂ ቦታውስ የአምብሮዝ ሥራ ነው።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ሳላስበው ወጣኝ። «ዶርካስ፣ ያን ቀን ከሽያጩ ተመልሼ ብዙ አወራሁት። የማርማላታውን፣ የሰዉን፣ ሁሉን። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ሻዩን አቅርቤ፣ ይቀዘቅዝብሃል እንጂ ብዬ ትከሻውን ስነካው ነው... ከመውጣቴ በፊት አንዴ ብነካው ኖሮ። አንዴ። ይተኛ ብዬ ነው እኮ።»

ዶርካስ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ዶርካስ፣ በእርጥብ እጇ እጄን ያዘችኝ። እንደዚያ ተቀምጠን ትንሿን ስናይ ቆየን።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

በሕይወት አለች። ብዙም አትበላም። ጠዋትም ማታም ዶርካስ ጋ ነኝ። ሌላ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ዶርካስ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ጮኸች። «ጥርግ አድርጋ በላች! ሳህኑን ገልብጣ ደገማት! ነክሳኛለችም፣ እግዜር ይይላት!»

እንደ ልጅ ዘለልኩ። ለፊሊፓ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳጥኑን፣ ግድግዳውን፣ ሻዩንም። «ሳትነኪው የሄድሽው እንዳትቀሰቅሺው ብለሽ ነው እማዬ» አለችኝ። እሷም እያለቀሰች ነበር። ዶርካስ እንዳለችው ትንሿ ብርዱ ሲያልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አድርጋ ወደኔ ጓሮ ትመለሳለች። አደራው እንግዲህ አልተበላም።

ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። ለወፎቹ ሞራ አንጠለጠልኩ፣ ኳሱን ከኩሬው ጥግ ገፋ አደረግኩት፣ ቅጠሉን መልሼ ከመርኩት።

አመሻሽ ላይ ሳህን ሳጥብ ግን እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ። ለካ እየጠበቅኩ ነው። ውሃውን ዘግቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ማን ሲፍቅ እንደከረመ አውቃለሁ፣ ትንሿ አሁን ከአጥሩ ወዲያ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆዷን ሞልታ ተኝታለች። እያወቅኩ ጠበቅኩ። ውጭው እስኪጨልም ድረስ ጠበቅኩ።

ምንም የለም። ቦት ጫማውም ብረቱም እንዳሉ ናቸው፣ የሚፍቅ ሰው የለም። ወንበሩ ላይ ምንም የለም።

አምብሮዝ ሞቷል። ይህን ደብተር ከጀመርኩ ወዲህ ይህችን ቃል በራሴ አፍ ለእሱ አልጻፍኳትም ነበር። ሻይ ለአንድ ሰው አፈላሁ።